አንድ መኪና አፈር

ጋሼ ኪዮንግ፣

የለም፣ ቧንቧውን የሰበርኩት እኔ አይደለሁም። ቤቱ በምሰሶዎቹ ላይ እንደቆመ ነው፤ የሰመጠው ግቢው ነው፤ ሲሰምጥ ቧንቧውን ጎትቶ በጠሰው። ዋናውን ውሃ ዘግቼዋለሁ። በባልዲ የቀዳሁልህ ወጥ ቤት አለ።

አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ መኪና አፈር ታስደፋለህ። ከግቢው ሥር ያለው እኮ የበሰበሰ ቅጠልና እንጨት ነው፤ አፈር በጫንክበት ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። መሬቱ እየወረደ፣ ስንገባ ሦስት የነበረው ደረጃ ዛሬ ሰባት ሆኗል። እማዬ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ መሬት ረግጣ አታውቅም። አንተ ግን ዛሬ ጠዋትም «ይቺ መኪና ብቻ፣ ከዚያ ይረጋል» አልክ።

«በቁማችን ቀበርከን» ያልኩህን ተወው። እሷ ፊት መናገር አልነበረብኝም። እዚህ ሲቡ ከተማ ውስጥ ይህን ቤት የሚገዛን እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

ከሰዓት የሚመጣውን አፈር መልሰው።

ሩዙ ድስት ውስጥ ነው፤ ዓሣውን አሙቀው።

እማዬን አዝዬ አወረድኳት። መድኃኒቷንና ልብሷን ይዣለሁ፤ ካኖዊት፣ ኮረብታው ላይ አክስታችን ዘንድ ነን። ደረጃው ሥር ስንደርስ፣ «በሩን ዝጊው፣ ዶሮ ይገባል» አለችኝ።

ተመልሼ ዘጋሁት።

ሲዮክ ኢንግ