የኬላው ሐብሐብ

ልጄ ፋይዙሎ፣

ተቀይሜሃለሁ። ከሞስኮ የላክልኝ ካልሲ ለአህያዬ እንጂ ለእኔ አይሆንም። ለማንኛውም አላህ ከብርዱም ከክፉ ዓይንም ይሰውርህ።

ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ ሳፎ ሞታለች። ባለፈው ወር ገበያው ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከዘጠኝ ሰው ጋር ገደላት። አስከሬኗን የለየነው በምድጃ ጓንቷ ነው። ቦምቡን የጫነው መኪና በኬላችን ነው ያለፈው፤ ወታደሩ ዙሁር ሁለት ሐብሐብ ተቀብሎ ሳይፈትሸው ለቀቀው።

ትናንት መንደሩ ተሰብስቦ «አገር በሐብሐብ ሸጠ!» ሲል ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ አጎትህ ነኝ። መርማሪው «ከዚህ በፊት ሐብሐብ የሰጠው ሰው አለ?» ቢለን ሁላችንም ጢማችንን ዳበስን። ለዙሁር የመጀመሪያውን ሐብሐብ ስሰጠው አብረኸኝ ነበርክ። «አጎቴ፣ ለምን?» ስትለኝ «ሞኙ! ለፍተሻ ጭነት ከማራገፍ አይሻልም?» ብዬ ሳቅሁብህ።

ስትመጣ ኬላው ላይ ሻንጣህን ራስህ ክፈትላቸው፣ አደራ። አላህ ከእኔ ዓይነቱ ሰው ይጠብቅህ።

በሩ ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ የዙሁር እናት ናት። «ወንድሜ ሚርዞ፣ ነገ ችሎት ላይ ‹ሁላችንም እንሰጠው ነበር› በልልኝ» እያለች ትጣራለች። ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ሐብሐብ ታቅፋለች።