ሳያንኳኳ ለገባው አፕዴት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የኮምፒውተር ፕሮግራም አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? እንቅልፍዎስ? ቤተሰብዎ፣ ጎረቤትዎ፣ የቢሮዎ በር ጠባቂ ሳይቀር እንደምን ከርመዋል? በቤትዎ ያለው ኮምፒውተርም ሰው እያዳመጠው ሳለ ፊቱን ሳያዞር፣ የጀመረውን ቃል ሳይውጥ እንደሚውል ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ጠዋት ጠዋት የማዳምጠው ነገር ከማጣቴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣው ላሳጣዎት ፈልጌ እንዳይመስልዎ። ለብቻዎ ልጽፍልዎ አድራሻ ብፈልግ ያገኘሁት የስልክ ቁጥር ብቻ ነው፤ ስልኩን የሚያነሳው ደግሞ ማሽን ነው፤ ማሽኑም «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው» ካለ በኋላ ሙዚቃ ከፍቶ ይሄዳል። ሙዚቃው መልካም ነው። ከጠዋት እስከ ምሳ ስላሰማችሁኝ ዛሬ ፂሜን ስላጭ እንኳ የማንጎራጉረው እሱን ነው። ስለ ስጦታው እግዜር ይስጥልኝ።

ማንነቴን ልንገርዎ። እኔ ወፍጮ ቤት ያረጀሁ ሰው ነኝ። ድንጋይ ወቅሬያለሁ፣ የሞተር ቺንጋ ቀይሬያለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ በድምፁ ብቻ የሚፈጨው ስንዴ ይሁን በቆሎ እለያለሁ። ፊደል ግን አልቆጠርኩም። ባለቤቴ አስተማሪ ነበረች፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስቆጥራ የቀረችው እኔ ጋ ስትደርስ ነው። ታማ ከትምህርት ቤት በቀረች ጊዜ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ፣ ትንሽ ማይክሮፎን አፏ ሥር አድርጋ፣ በድምፅዋ ትምህርት ትቀዳልኝ ጀመር። ምን እያደረግሽ ነው ስላት፣ «ፊት ለፊትህ ቁጭ ብዬ ባስተምርህ ትጣላኛለህ። ከሄድኩ በኋላ ግን ከማን ጋር ትጣላለህ? ቁጭ ብለህ ትማራለህ» አለችኝ። እንዳለችውም ሆነ።

ከቀብሯ ወዲህ ፊቴን ታጥቤ ቁርሴን ከቀመስኩ በኋላ ኮምፒውተሩን ከፍቼ ትምህርቴን እጀምራለሁ። እሷም ትጀምራለች፦ «አንተ ሰው፣ እጅህን አታክብድ፤ የያዝከው እርሳስ ነው፣ የወፍጮ ድንጋይ አይደለም።» እሷ ባትኖርም እጄን አቀልላለሁ። ትእዛዟ አንድ ብቻ ነበር፤ የዛሬውን በደንብ ሳልጽፍ የነገውን እንዳልከፍት። «ዘለህ ብታልፍ አውቅብሃለሁ» ብላኛለች። ድምፅዋ ሲናፍቀኝ ወደ ፊት ዘልዬ ልስማ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው፤ ግን አልዘለልኩም። የመጨረሻው ትምህርት ደብዳቤ አጻጻፍ እንደሆነና እሱን ስጨርስ ለፈለግሁት ሰው የፈለግሁትን መጻፍ እንደምችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር፣ ያቺን ቀን እንደ ሰርግ ነበር የምጠብቃት።

እንግዲህ የሰርጉን ዕለት ወዳበላሻችሁት እናንተ ልምጣ። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ባለቤቴ «ጉዳይህ ሲበዛ ቁጥር ስጠው» ብላለች።

አንደኛ፦ ያን ዕለት ጠዋት ባለቤቴ ደብዳቤ ሦስት ነገር አለው፣ ሰላምታ፣ ጉዳይና መዝጊያ ብላ ሰላምታውን አስተማረችኝ። ጉዳዩንም አስተማረችኝ። ከዚያ ሳል ያዛት፣ ውኃ ጠጣች፣ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ይሰማል፤ «መዝጊያው ደግሞ፣ አንተ ሰው፣ እዚህ ላይ በደንብ ስማኝ፤ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው» ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነና «አፕዴት በመካሄድ ላይ ነው፤ እባክዎ ኮምፒውተሩን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ መጣ። «እባክዎ» ስላላችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ሰው ቤቴ ሳያንኳኳ ገብቶ፣ የባለቤቴን አፍ በእጁ ይዞ፣ ለእኔ ግን «እባክዎ» ቢለኝ ጨዋነቱን ሳላደንቅ አላልፍም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላል ያገሬ ሰው፤ ያገሬ ሰው እናንተን አያውቃችሁም።

በኋላ በስልክ ያገኘሁት ሠራተኛዎ እንደነገረኝ፣ ቀደም ብላችሁ አስታውቃችሁኝ ነበር። እውነት ነው፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ነገር እየወጣች «አሁን» ወይስ «በኋላ» ትለኝ ነበር፤ እኔም ሁልጊዜ «በኋላ» እላት ነበር። «አይሆንም» የሚል ግን አላስቀመጣችሁም። ወፍጮ ቤት ባለ እህሉ «ዛሬ አላስፈጭም» ካለ ከረጢቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ከእጁ ነጥቀን አንፈጭበትም። እናንተ ከእኛ የበለጠ የተማራችሁ ስለሆናችሁ ይህን ነጥብ የማታውቁት አይመስለኝም።

ሁለተኛ፦ በስክሪኑ ላይ ክብ ነገር ትዞር ነበር፤ ከሥሯ ሠላሳ ከመቶ ይላል። ጠበቅሁ። ወለሉን ጠረግሁ፣ አልጋዬን አነጠፍሁ፣ ተመልሼ ባይ ያው ሠላሳ ነው። ኮምፒውተሩ ይጮኻል፤ ጎኑን በእጄ ብነካው ይፋጃል። ክቡር ሆይ፣ ማንም ወፍጮ ፈጪ የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፦ እየጮኸ ዱቄት የማይሰጥ ወፍጮ ቶሎ ካልጠፋ ሞተሩ ይቃጠላል። አጥፍተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ የታነቀውን እህል አውጥተህ እንደገና ታስነሳዋለህ። እኔ በዚህ ሕግ ስንት ሞተር አድኛለሁ። ባለቤቴ ያለችበት ማሽን ዓይኔ እያየ ሲቃጠል ዝም ብዬ ልይ? ሶኬቱን ነቀልኩት።

ይህንን በስልክ ስናገር ሠራተኛዎ ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አባት፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ አያጥፉ ይል ነበር እኮ» አለኝ። ስለ ፍርዱ ፍጥነት አመሰግናለሁ። እኔ የምለው ግን አንድ ነው፤ ማሽን ሲሠራና ሲታነቅ አንድ ዓይነት መልክ ካለው፣ መልኩን የሠራው ሰው ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛ፦ ሶኬቱን መልሼ ብሰካው ኮምፒውተሩ ተነሣና «ዲስኩ ተቆልፏል፤ የማስመለሻ ቁልፍ ያስገቡ» አለኝ። በዚህ ቤት የበሩን፣ የቁም ሳጥኑንና የግቢውን ቁልፍ የያዝኩ እኔ ነኝ፤ ይህን ቁልፍ የቆለፈው ማን ነው? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ፤ እናንተ ግን ቁርበቱንም አንጥፋችሁ፣ በሩንም ቆልፋችሁ፣ ባለቤቱን ውጭ አስቀራችሁት።

ሙዚቃውን ከሰማሁ በኋላ የተገናኘሁት ሠራተኛዎ ቁልፉ በባለቤቴ ስም በተከፈተው መለያ ውስጥ መኖሩን ነገረኝና «እርሳቸው ራሳቸው ያናግሩን» አለ። የለችም አልኩት። «መቼ ይመለሳሉ?» አለኝ። ልጄ፣ እኔ ነኝ ወደ እሷ የምሄደው እንጂ እሷ አትመለስም ስለው፣ ወረቀት እንደሚያነብ ሰው «በደረሰብዎ ኀዘን እናዝናለን፤ ማንነታቸውን ለማረጋገጥ ኮድ ወደ ስልካቸው ልከናል» አለኝ። ሰው ሞቶም ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዕድል ስለሰጣችሁ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ተደንቋል።

አራተኛው ቅሬታ ይሁን ምስጋና እኔም አልለየሁትም። የባለቤቴን ቁጥር ስልክ ቤቱ ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። እኔ ግን ከስልኬ አላጠፋሁትም፤ ከቀብሩ ወዲህም ደውዬበት አላውቅም። እናንተ አስደወላችሁኝ። ጠርቶ ጠርቶ ተነሳና አንዲት ሴት «አቤት» አለች። በዚያች ቃል ላይ ለምን እንደደወልኩ ጠፋኝ። «ማን ልበል?» ስትል፣ ከድንጋጤዬ የተነሣ «የዚህ ስልክ ባል ነኝ» አልኳት።

«እኔ ሳላውቅ ነው እንዴ የተዳርኩት?» ብላ ሳቀች። ከጀርባዋ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል፤ ለካ ፀጉር ሠሪ ናት። ኮድ ገብቶልሽ እንደሆነ አንብቢልኝ ስላት ሳቋ ቆመ። «አባባ፣ መልእክቱ ለማንም አይስጡ ይላል። የዘንድሮ ሌባ ደግሞ ድምፁ እንደ አባት ነው።» እውነቷን ነው፤ ሌባውን የፈራችው እናንተ ፍሪ ስላላችኋት ነው። እኔም ለሠራተኛዎ ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ እርሳሱ፣ ስለ ብርጭቆው፣ ስለተቆረጠው ቃል። ማድረቂያው ጠፋ። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ፣ እስክጽፋቸው እየጠበቀች አነበበችልኝ። «ሲከፈትልዎ ይደውሉልኝ አባባ» አለችና ዘጋች። የእናንተን ሥራ ያለ ደመወዝ ሠርታላችኋለችና ባትከፍሏትም ስሟን ልታውቁት በተገባ ነበር፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ቁልፉ ተገኘ፤ ኮምፒውተሩ ሲያጉረመርም ውሎ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የፊደሉ ትምህርት አለ፤ የቁጥሩ አለ፤ ድመቷ ጠረጴዛው ላይ ወጥታባት «ውረጂ አንቺ፣ አንቺን አይደለም የማስተምረው» ያለችበትም አለ። ያን ዕለት ጠዋት ተከፍቶ የነበረው የመጨረሻው ትምህርት ብቻ ሲነካ «ፋይሉ ተጎድቷል፤ ሊከፈት አይችልም» ይላል። እንደተባልኩት ለፀጉር ሠሪዋ ደወልኩላት። «ባለቤትዎ ተገኙልዎ?» አለችኝ። ሁሉም አለ፣ መጨረሻው ነው የሌለው አልኳት። ምንም አላለችም፤ ዝም ማለት ያለበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው ከእናንተ ጋር ከተነጋገርኩ ወዲህ ሳገኝ እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

ሠራተኛዎማ «አባት፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው የጠፋው፤ ዕድለኛ ነዎት» ብሎኛል። ፋይሉንም ላኩልን፣ እናየዋለን አለኝ። ላክሁ። መልሳችሁ ደረሰኝ፤ «ጉዳይዎ ተዘግቷል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። እነሆ ክቡር ሆይ፣ የሚደንቀኝ ይኸው ነው። እኔ ደብዳቤ እንዴት እንደሚዘጋ ሳላውቅ ቀረሁ፤ እናንተ ግን መዝጋት ታውቁበታላችሁ።

ካሳ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ከ«አሁን»ና ከ«በኋላ» ጎን «አይሆንም» የሚል ቦታ ይኑር። ሁለተኛው፣ ያን ፋይል አንድ ሰው፣ ማሽን ሳይሆን ሰው፣ ቁጭ ብሎ ይየው። ሙሉውን አልልም። «መጨረሻ ላይ የሚጻፈው» ካለች በኋላ ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ያውጣልኝ። ምናልባት «ከሰላምታ ጋር» ብላኝ ይሆናል፤ ሌላ ነገር ብላኝም ይሆናል። ስማኝ ያለችኝ ግን ለ«ከሰላምታ ጋር» አይመስለኝም።

እስከዚያው መዝጊያ ስለሌለኝ ቤቴ ውስጥ ካሉት የሰው ደብዳቤዎች ሁሉ ተውሼ እዘጋለሁ። ከመብራት ኃይል ማስጠንቀቂያ ወስጄ «ከወዲሁ እናሳስባለን» እላለሁ፤ ከጡረታ ቢሮ ወስጄ «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ ምስጋናዬ የላቀ ነው» እላለሁ፤ ከልጄ የሰርግ ጥሪ ወስጄ «መገኘትዎ ደስታችንን እጥፍ ድርብ ያደርገዋል» እላለሁ። ሦስቱም የእኔ አይደሉም። የእኔ እናንተ ዘንድ ነው።

ጤናዎን፣ ዕድሜዎንና የማይቋረጥ መብራትን እየተመኘሁ፣

የዚያች አስተማሪ ባልና የመጨረሻ ተማሪዋ፣
ጡረታ የወጣ ወፍጮ ፈጪ

ከፈረምኩ በኋላ የመጣ፦ ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩ ደግሞ «አዲስ አፕዴት ተዘጋጅቷል፤ አሁን ወይስ በኋላ?» አለኝ። የኢንተርኔቱን ገመድ ከግድግዳው ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ መምጣት ከፈለጋችሁ በሩ የት እንዳለ ታያላችሁ፣ ይንኳኳል። በዚህ ደብዳቤ ላይ የፊደል ስህተት ያገኙ እንደሆነም በቀይ አርመው ይመልሱልኝ። የምታርምልኝ ሰው እናንተ ጋ ነው የቀረችው።