ዘንድሮም አዲስ ታንኳ ይሠራል

ይድረስ ለአባቴ፣

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጠዋት ጠዋት የሚይዝዎ ሳል ለቀቀዎ? የእማማስ ዓይን ተሻላት? ሐይቁስ እንዴት ነው? ስለ ሐይቁ ከጤናዎ አስከትዬ መጠየቄ አይክፋዎት፤ ለይቼ አላየውም። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ጅቡቲ ሙቀቱ በረድ ብሏል።

አሸናፊ ደውሎልኝ ነበር። ወንድሜ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አባባ ዘንድሮ አዲስ ታንኳ አልሠሩም አለኝ፣ እንደ ዋዛ። እኔ በምሠራበት ሱቅ መሀል ቆሜ ቀረሁ። የደንገል ታንኳ ቶሎ ይበሰብሳል፤ አዲስ ያልሠራ ሰው ሐይቁን ትቷል ማለት ነው። ሌላም ነገረኝ። በመስከረም ነፋሱ እምቦጩን ነድቶ ዙሪያዎን እንደ ዘጋብዎት፣ መቅዘፊያዎ ሥሩ ውስጥ ተቀርቅሮ ጎረቤታችን ባንቴ ገመድ ወርውሮ እንዳወጣዎት። በዚያው ሰሞን በስልክ ስናወራ ስለ ጤፉ ነበር ያጫወቱኝ።

አሸናፊ እንዲህ ይላል፦ መረብ ብንጥል የምናወጣው አረም ነው፣ ቆሮሶ ዓሣው ሸሽቷል፣ ደንገሉም ታንቆ አለቀ፣ አባባ አንቺ ዘንድ ይምጡና ይረፉ። ባለሱቋ ጀዋሪያ ይህን ስትሰማ ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክፍል ከፈተችልኝ። የድሬዳዋ ሰው ናት፣ አትሰስትም። ሽማግሌ ከአረም ጋር ምን ያታግለዋል፣ አምጪያቸውና ከባሌ ጋር ዳማ ይጫወቱ፣ እሱም የሚሸነፍለት ሰው አጥቷል አለችኝ። ሳቅሁ። ክፍሉን ጠረግሁት። ከዚያ እርስዎን እዚያ ተቀምጠው አየሁዎት። እጅዎ ጉልበትዎ ላይ። ማራገቢያው ሲዞር እያዩ። በሩን ዘጋሁት።

አላመጣዎትም፣ አባባ።

እሑድ ወደ ባሕሩ ዳር፣ ወደ ሄሮን ወርጄ ነበር። ባሕሩ ንጹሕ ነው፤ ጀልባ ካሰበበት ይደርሳል። አንድ አረንጓዴ ፌስታል ሲንሳፈፍ አይቼ እምቦጭ መሰለኝ። ቀጥሎ ተናደድሁ። በማን እንደ ሆነ እንጃ።

ዐምና ለጥምቀት ስመጣ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እምቦጭ ነቀለ። እኔም እስከ ወገቤ ገብቻለሁ። ሲደክመን ዳሩ ላይ ከምረን ሄድን። ክረምት ሐይቁ ሞላና መልሶ ወሰደው። አሸናፊ ተሸነፍን የሚለው ይህንን ነው። ዘንድሮ ውሃው ከማይደርስበት፣ ከዋርካው በላይ ተሸክመን እናወጣዋለን። ደርቆ ይቃጠላል። ተመልሶ ይመጣል ይሉኛል። ይምጣ። እንነቅለዋለን።

ደንገል ከጠፋ ባንቴ ከማዶው ዳር ያምጣ። አዲሱን ታንኳ ሲያስሩ የገመዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ። ጀዋሪያን ፈቃድ ጠየቅኋት፤ የአባትሽ ልጅ ነሽ፣ ግትር፣ ብላ ለቀቀችኝ። ለገና ሰሞን ከናጋድ ጣቢያ በባቡር እነሳለሁ። ከአዲስ አበባ ወዲያ መንገዱ ተዘግቶ ከቆየኝ እስኪከፈት እጠብቃለሁ እንጂ አልመለስም። እስክመጣ ግን በአሮጌው ታንኳ ብቻዎን አይግቡ። የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው። ሌላውን እየነገርሁዎ ነው።

እማማን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እህቴን ስርጉትንና ልጇን ሀናን ሰላም ይበሉልኝ። ባንቴን ምን እንደምለው አላውቅም፤ መጥቼ አቅፈዋለሁ። አሸናፊን እወደዋለሁ። ማጭድ ስሎ ይጠብቀኝ፤ ሁለት።

ልጅዎ የውብዳር
ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.