ወይዘሮ ወሰንየለሽ ጸጋዬ እና የተጣሉት የጫካ አበቦች

ወይዘሮ ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ጸጋዬ ብሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እፀገነት ዋቅጅራ በ1957 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጨርሰው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በባዮሎጂ ተመርቀውም ለዓመታት አስተማሩ። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ኤርምያስ ደበላ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ያኤልንና ዮአብን ወለዱ።

በ1991 ዓ.ም. ዲቪ ደርሷቸው ኮሎምበስ ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማሸግ ነበር። እየሠሩ ተምረው በዕፅዋት ሳይንስ ማስተርሳቸውን ያዙና በዚሁ ከተማ በአንድ ተቋም ተቀጠሩ። ተቋሙ የደረቁ ዕፅዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው፣ ማን፣ መቼና የት እንደቀጠፋቸው ተጽፎባቸው የሚጠበቁበት ነበር። የእሳቸው ድርሻ ትሪሊየም ነበር፤ ብርዱ ሲለቅ ጫካ ውስጥ የሚፈካ ባለ ሦስት ቅጠል ነጭ አበባ። ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ፒከሪንግተን አጠገብ ይበቅልበት የነበረው ጫካ ተመንጥሮ ቤት ተሠርቶበታል። አበባው እዚያ ለመኖሩ የቀረው ምስክር ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ካንሰር ተገኘባቸው። ኬሞ ጀምረው ቤት መዋላቸውን ጠብቀው አለቆቻቸው የደረቁትን ዕፅዋት ክምችት አስጣሉት። የሥራ ባልደረባቸው ሀኒ ኮል አድርጋ ስትነግራቸው ከአልጋ ተነሥተው፣ "ኤርምያስ፣ መኪናውን አስነሳ" አሉ።

ተቋሙ ሲደርሱ ሥራ አስኪያጁ ቦታ እንደጠበበ፣ ዕፅዋቱም ሁሉ ፎቶ እንደተነሡ ነገራቸው።

"ከፎቶ ላይ ቅጠል ቆርጠህ ትመረምራለህ?" አሉት። "ሰው እስኪታመም ጠብቀህ ቤቱን ትዘርፋለህ?"

መልሱን ሳይጠብቁ ወጡ።

አቶ ኤርምያስና ያኤል ከሕንፃው ጀርባ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ገብተው ዝናብ ያልነካውን እየለዩ አወጡ። ወይዘሮ ወሰንየለሽ መቆም ስላቃታቸው መኪና ውስጥ ተቀምጠው በጭናቸው ላይ ተቀበሉ። ያኤል፣ "ማሚ፣ ፕሊስ፣ ይበቃል" ብትላቸው፣ "እኔ ስሞት ይበቃል" አሏት። አብዛኛው በስብሶ ነበር። የፒከሪንግተኑ ጨርሶ አልተገኘም። ስለ በሽታቸው ያላለቀሱት እናት ያን ቀን አለቀሱ።

የተረፈውን ዋይትሆል በሚገኘው ቤታቸው አድርቀው በሌላ ስቴት ላለ ክምችት አስረከቡ። ከዚያ በኋላ ሕመማቸው ጸንቶባቸው ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ60 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

መርዶው በተሰማ ማግሥት ተቋሙ የአበባ ጉንጉን ልኮ፣ ባዶ ያደረገውን ክፍል በስማቸው ልሰይም ብሎ ጠየቀ። ቤተሰቡ ጉንጉኑን መልሷል። ስማቸውም በዚያ በር ላይ አይሰቀልም።

ባለቤታቸው አቶ ኤርምያስ፣ ልጆቻቸው ያኤልና ዮአብ፣ እንዲሁም ይህን የጻፈው ወንድማቸው ሀይሉ በሐዘን ቀርተዋል። የደከሙላትን ምድር የፈጠረ ጌታ በእቅፉ ያሳርፋቸው። እኛንም ያጽናን፤ ቁጣችንን ግን ገና አይውሰድብን።