ማዶ ያለው ነቢይ

ሶባት ወንዝ ዳር፣ ነሐሴ 12

ለእናቴ ልጅ፣ ለፑክ፤

እኛ ደህና ነን፤ ከብቶቹም ደህና ናቸው። ልጄ ኛጁር ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። የማዶው ረግረግ ጉልበትህን እንዳይጎዳው እሰጋለሁ።

በመንገደኛ በላክኸው ቃል፣ «ሰዎቻችን ያነሱኛል ወይ?» ብለሃል። ያነሱሃል።

ሽማግሌው ኮአት ከብቶቹ መሃል ተቀምጦ፣ «ፀጉሩን መላጨት ስለተወ ነቢይ ሆነ? አፍንጫውን የጠረግንለት ልጅ እኮ ነው። መንፈስ ሰው ቸግሮት ነው እሱ ላይ የወረደው?» ይላል። ሰዉ ይስቃል። ቀጥሎ ያው የተለመደው ይመጣል፤ «ግንባሩን ተበጥቶ ወንድ ከሆነ በኋላ ላም ያለበ። በሴት ሥራ የዋለ እጅ ነው ጎርፍ የሚያሳየን?»

ለምን እንዳለብክ የምናውቀው እኔና አንተ ነን። በወሊድ ትኩሳት ወድቄ ነበር፤ በአካባቢው ሌላ ሴት አልነበረችም፤ ኛጁር በረሃብ ታለቅሳለች። ሰው ሲያይህም ምክንያቱን አልተናገርክም። በጉባኤው፣ «ዘንድሮ ውሃው ይበረታል፤ ወደ ከፍታው እንውጣ» ስትል ኮአት በዚያው ነገር አፍህን አስያዘህ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ቆሜ ነበር። ወንድ ያለበው ወተት ነው ያሳደጋት ቢሏት ልጄን ማን ያገባታል ብዬ ዝም አልኩ። በማግስቱ ሄድክ።

ከአሥር ቀን በፊት ከማዶ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ። «እኛ ዘንድ ትልቅ ነቢይ አለ፤ ጨረቃ ሳትሞላ ከብታችሁን ወደ ከፍታው አውጡ፣ ሳልላችሁም አትመለሱ ብሏል» አለ። የሚያውቅህ በትውልድ ስምህ ሳይሆን እዚያ በሬ ሰጥተው ባወጡልህ የበሬ ስም ነው። ያንን ስም ስለነገርከኝ እኔ ብቻ አወቅሁህ።

ኮአት ብድግ አለ። «ነቢይ ማለት ይሄ ነው። እንደኛው ልጅ መሰላችሁ?» አለ። በሦስት ቀን ከብቱ ሁሉ ወጣ። በአምስተኛው ቀን ውሃው የድሮ ሰፈራችንን ዋጠው።

አሁን ጎደል ብሏል። ጎረምሶቹ እንመለስ እያሉ ነው። ኮአት፣ «የማዶው ሰው ሳይፈቅድማ ንቅንቅ የለም» ብሎ ይዟቸዋል። ያ ሰው አንተ መሆንህን ቢያውቁ ዛሬውኑ ይወርዱ ነበር። አንተ ደግሞ ሁለተኛ ጎርፍ አለ ብለኸኛል።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ አትምጣ። ቃልህ ገብቷል፤ አንተን ካዩ ቃልህን ይጥሉታል። ውሃው ሲደርቅ ስለ ወተቱ በጉባኤ ፊት እናገራለሁ። ይህን ለራሴ ስል ግን ስንት ዓመቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ እንዲያደርስልኝ ዓሣ አጥማጁን ስለምነው፣ «ነቢዩ ምንሽ ነው?» አለኝ። ኮአት አጠገባችን ተቀምጦ ነበር።

«ዝናውን ነው የሰማሁት» አልኩት።

በላይህ ያለው አምላክ ብቻህን አይተውህ። የሚያበስልልህ ሰው፣ በክረምቱም ደረቅ መኝታ አያሳጣህ።

የእናትህ ልጅ፣
ኛዳክ