ከኮምፔንሳቶው ማዶ

ጥር 12፣ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለፈላስፋው፤

እንዴት ነህልኝ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኛ ደህና ነን፤ ደህና ማለት ያው አንተ የምታውቀው ደህና ነው።

የላክህልኝን የድምፅ መልእክት የደንብ ልብስ ኮሌታ እየቆረጥኩ ሰማሁት። ሰው በፈጣሪ የሚያምነው ሞትን ስለሚፈራ ነው፣ በልጅነቱ የለመደውን የአባት ጥላ ካደገም በኋላ ስለሚናፍቅ ነው፣ ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር «ማነው?» ማለት ስለማይለቀው ነው፣ ያለ ምክንያት የሆነ ነገር አልዋጥ ስለሚለው ነው አልክ። ጎረቤታችን ጸጉር ሠሪዋ፣ ያቺ ሰፈሩ «ሬዲዮ» የሚላት፣ አብራኝ እየሰማች ነበር። «ውይ! ይሄን ሁሉ ዓመት የተማረው ላለማመን ነው? እኔ እኮ አንዳንድ ቀን ሳልማርም ይሳካልኛል!» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ለማንም ያልነገርኩት ጉድ አለብኝ።

እማዬ ከወደቀች ወዲህ አልጋዋ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ነው። መሃላችን አንድ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ። የምትጸልየው መኪናው ሲቆም ነው፤ «በዚህ ጩኸት መሃል ማን ይሰማኛል?» ትላለች። ባለፈው ወር አንድ ቀን መኪናውን አቁሜ፣ ስፒሎቼን በጥርሴ ነክሼ ጠርዝ ሳጥፍ፣ «ኧረ የሚሰማኝ ጠፋ?» ስትል ሰማሁ። እኔን የጠራች መስሎኝ፣ አፌ እንደተያዘ «እየሰማሁ ነው!» አልኳት።

ቆይታ አለቀሰች። «መለስክልኝ፤ ይኸው መለስክልኝ!»

«እኔ ነኝ እኮ» ልላት ተነስቼ ገባሁ። ፊቷን ብታየው! ከወደቀች ጀምሮ እንደዚያ በርቶ አላየሁትም። «ርቦኛል» አለችኝ፤ እኔ ለምኜ ለምኜ አንድ ጉርሻ የማትቀምስልኝ ሴትዮ። ሳህኑን ጠርጋ በላች። ልናገር የመጣሁትን ዋጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ። መኪናው ሲቆም እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ስፒሌን ነክሼ እመልሳለሁ።

«ልጄ በልቶ አድሯል?»

«በልቷል።» (አደራህን ብላ፣ እንዳታስዋሸኝ!)

«ወገቤስ ይተወኛል?»

«ቀስ በቀስ።»

ሱቅ ደርሼ ትንሽ ከቆየሁ «ዛሬ ፊቱን አዞረብኝ» ብላ ተኮራምታ አገኛታለሁ። ስለዚህ አልቆይም። ቀስ በቀስ መውጣቱንም ተውኩት። ከዚህ ወንበር እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ እሷ አልጋ፤ ዓለሜ ይኸው ነው።

በቀደም የትልቁ ስፌት ቤት አለቃ ራሷ ቤታችን ድረስ መጣች። «እጅሽን አይቼዋለሁ። ቆራጭ እፈልጋለሁ፣ ከሰኞ ጀምሪ» አለችኝ። ስንት ዓመት የተመኘሁትን! «እናቴን የሚይዝልኝ የለም» ብዬ ሸኘኋት። ለካ እማዬ ከማዶ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

ትናንት መኪናው እንደቆመ፣ «ይቺ ልጅ በእኔ ታሰረች» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። «ዕድሜዋን እዚሁ ጨረሰችው። በቃ ውሰደኝና ትውጣ። እሺ በለኝ።»

ወንድሜ፣ ስለሚለምነው ሰው ብዙ ነግረኸኛል። ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ ስለሚለመነው ግን ትንፍሽ አላልክም። እሷ ትጠብቃለች፣ እኔ አፌን ይዣለሁ። «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ። እሱ ሳይመጣልኝ ሌላ ቃል ቀድሞ ምላሴ ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሆነ አልጽፍልህም። ደንግጬ ፔዳሉን ረገጥኩት።

ይኸው አሁንም እግሬ ፔዳሉ ላይ ነው። ጽሕፈቴ የሚንቀጠቀጠው መኪናው ጠረጴዛውን እያርገፈገፈው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ጸጥታ እንዳይመጣ አድርጌያለሁ። የምሰፋው ካለቀ ቆየ፤ ዝም ካልኩ ትጠይቀኛለች።

ቆይ፣ ትጣራለች።

«አንቺ ልጅ!» ነው ያለችው። «ባዶውን ነው የምታዞሪው! ጨርቅ የያዘውንና ያልያዘውን በድምፁ እለያለሁ፤ እኔ አይደለሁ እንዴ ስፌት ያስተማርኩሽ? አቁሚውና ቁርጡን ንገሪኝ።»

ሰማህ? እኔን ነው የጠየቀችው። ከመቼ ጀምሮ እኔን ስትጠይቅ እንደነበር እንጃ።

አቆምኩት። ቤቱ እንዲህ ጸጥ ሲል ያስፈራል። ዞሬ ገብቼ አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ የምላት ግን ገና አልመጣልኝም። ና አልልህም፤ ሥራህን ትተህ እንዴት ትመጣለህ።

ባለህበት ክፉ አይንካህ፣ እጅህ ያማረ ይሁን፣ ጤናውን ያብዛልህ። «ማን ነው የሚያበዛልኝ?» ብለህ ዛሬ እንዳትከራከረኝ።

ና እንጂ።

እህትህ