ባለ ሳጥኗን ብስክሌት ለጣውንቴ ስለ መስጠቴ

እኔ ዘይባ ሰይዶ፣ በቡታጅራ ከተማ ከመስጊዱ በላይ ባለው ዳገት የምኖር፣ በበርበሬ ንግድ የምተዳደር፣ ዛሬ ረቡዕ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም. ከጧቱ በሦስት ሰዓት በገዛ ቤቴ ተቀምጬ፣ ቢስሚላህ ብዬ ይህን ኑዛዜ በቃሌ እናገራለሁ። ልቤ ደክሟል፤ ሐኪሙም አልደበቀኝም። አእምሮዬ ግን አልሐምዱሊላህ ሙሉ ነው። ባለቤቴ ሐጂ ሙባሪክ ከጥግ ሆኖ "እሱስ ድሮም ሙሉ ነበር እንዴ?" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ጆሮዬም ጤነኛ ለመሆኑ ይህ ማስረጃ ሆኖ ይጻፍልኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር ዘመድኩን ነው። "እትዬ ዘይባ፣ ኑዛዜ ሲያጥር ነው የሚያምረው" ብሎ መክሮኛል። ምክሩን በአክብሮት ተቀብያለሁ፤ የምፈጽመው ግን አይደለም።

አንደኛ፦ ቤቱን፣ የገበያውን መደብርና ጌጤን ባለቤቴ ሐጂ ሙባሪክ፣ ወንድ ልጄ ሙሀይሚንና ሴት ልጄ ፈቲሀ ሸሪዓው እንደሚያዘው ይካፈሉ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ከንብረቴ ሲሶውን ግን ወራሽ ላልሆነ ሰው የመስጠት መብት አለኝ፤ ይህ ሁሉ ወረቀት የሚያልቀውም ለዚያ ነው።

ሁለተኛ፦ የኤሌክትሪክ ጭነት ብስክሌቷን፣ ማለትም ከፊት ለፊት የእንጨት ሳጥን ያላትን፣ ከነባትሪዋ፣ ከነቻርጀሯ፣ በግቢው ጀርባ ካለችው ሰርቪስ ክፍል ጋር ለሳሌሃ ሰጥቻለሁ። ስለ ክፍሏ ሐጂ ሙባሪክ ፈቅዷል። ሳሌሃ ማን እንደሆነች ለማያውቅ ዳኛ፣ የባሌ ሁለተኛ ሚስት ናት። መምህር ዘመድኩን እዚህ ላይ ብዕሩን አንሥቶ አየኝ። "ምን ታየኛለህ? ጣውንቴ ብለህ ጻፍ" አልኩት። ጽፏል።

ልጆቼ ነገ "እናታችን ስትደክም ተታልላ ነው" እንዳይሉ ምክንያቱን እናገራለሁ።

ሐጂ ሳሌሃን ሲያገባ ፈቲሀ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም ነበር። የሳሌሃ ቤት መስቃን ገጠር፣ ከእንሰቱ መካከል ነው። አላህ ልጅ አልሰጣትም። ያን ሁሉ ዘመን እኔና እሷ ተነጋግረን አናውቅም። ቆጮ ስታመጣ በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች፤ እኔም ዕቃዋን አጥቤ እዚያው በር ላይ አኖርላታለሁ። ቆጮዋ ጥሩ መሆኑን ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ይጻፍ፤ ጥሩ ነው።

ባለፈው ዓመት ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጆቹ ቆሙ። ፈቲሀ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ ከነልጆቿ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይረፍድባቸው ጀመር፤ የበርበሬ ጆንያዬ ገበያ ሳይደርስ ገበያው ይበተናል፤ እኔም ለሐኪም ቀጠሮ ዳገቱን ወርጄ መመለስ አቃተኝ። ስለዚህ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የራሳችን መጓጓዣ ይገዛ ተባለ። ምን ዓይነት ይሁን ሲባል ግን ቤቴ ሦስት ቦታ ተከፈለ።

ሐጂ ሙባሪክ በወጣትነቱ ጋሪ ነጂ ስለነበር "ፈረስ ይገዛ" አለ። "ፈረስ ቢያንስ ቤቱን ያውቃል። ባትሪ መንገድ ላይ ሲያልቅ ሣር አብልታችሁ ልታስነሡት ነው?"

ሙሀይሚን ወልቂጤ ነጋዴ ነው፤ ድምፁም እንደ ነጋዴ ነው። "አባ፣ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው! ጣራ ያለው፣ ባለ ሦስት እግር፣ ሙዚቃ የሚያጫውት አውቃለሁ። እማ እንደ ሙሽራ ትቀመጥበታለች።"

ፈቲሀ አስተማሪ ናት፤ ስትናገር ድምፅዋን ከፍ አታደርግም። የሰፈራችንን ቅያስ ቀድማ በገመድ ለክታ ነበርና ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "ባለ ሦስት እግሩ በእኛ ቅያስ አያልፍም። መንገድ ላይ አሳድረን ማን ሊጠብቅልን ነው? ባለ ሁለት እግሩ ግን ያልፋል። ባትሪው ተነቅሎ ቤት ውስጥ ቻርጅ ይደረጋል። ሳጥኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለእማ ጉልበት ይመቻል፤ ለልጆቹም ቀበቶ አለው።"

"ሁለት እግር!" አለ ሐጂ። "ሲቆም ይወድቃል ማለት ነው።"

"አባ፣ አንተስ በስንት እግርህ ነው የምትሄደው?" አለችው። ልጄን የወደድኳት ያን ቀን ብቻ አይደለም፤ ያን ቀን ግን ጨምሬ ወደድኳት።

ሙሀይሚን ሁለቱንም ዓይነት ለሙከራ በአይሱዙ ጭኖ አመጣ። ሰፈርተኛው ወጣ። መጀመሪያ እኔን በባለ ሦስት እግሩ አሳፍሮ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ተነሣ። ቅያሳችን አፍ ላይ ስንደርስ ግራና ቀኙ በአጥር ተያዘ። ወደ ፊትም ወደ ኋላም የለም። እንደ ሙሽራ መቀመጤስ እውነት ነበር፤ ሙሽራዋ ግን በዘፈን ታጅባ አጥር መሐል ተወትፋ ቀረች። በኋላ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጎትቶ አወጣን።

ቀጥሎ ባለ ሁለት እግሩን ራሱ ሊነዳ ተነሣ። ከፊት ሳጥን ያለው ብስክሌት መሪው ለየት ይላል፤ እሱ አላወቀም። በቀጥታ ሄዶ የጎረቤታችን የአቶ ዑመይር እንሰት ውስጥ ገባ። አቶ ዑመይር ዛሬ ምስክሬ ሆኖ እዚህ ተቀምጧል፤ እንሰቱ ደኅና መሆኑን ነግሮኛል።

ሐጂ "ፈረስ አላልኳችሁም?" ማለት ሲጀምር፣ ከበሩ አጠገብ "እኔ ልሞክረው" የሚል ድምፅ ተሰማ። ሳሌሃ ነበረች። ቆጮዋን ይዛ መጥታ፣ ሰው ስለበዛ ማስቀመጫ አጥታ ቆማለች።

"አንቺ ደግሞ ብስክሌት የት ታውቂያለሽ?" አላት ሐጂ።

"ዝዋይ አጎቴ ጋ ሳድግ በብስክሌት ነበር የምንላላከው።"

"ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?"

"መቼ ጠየቁኝ?" አለችው።

ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና ባዶውን አንድ ጊዜ ዞረችበት። ብስክሌቱ እንደ ለመደቻት ላም ታዘዘላት። ተመልሳ ቆመችና "ባዶውንማ ማንም ይነዳዋል። ዳገቱን መውጣቱ የሚታወቀው ሰው ሲገባበት ነው" አለች። ሁሉም ወደ መሬት አየ። ፈቲሀ ልጆቿን በሁለት እጇ ያዘች። እኔ ገባሁ።

ለምን ገባሽ የሚለኝ ቢኖር እውነቱን እናገራለሁ፦ እንደምትጥለኝ እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ከጣለችኝ ለዕድሜ ልክ የሚበቃ ክስ አገኛለሁ ብዬ ነው።

ዳገቱን ጀመርን። "እባክዎ መሐል ላይ ይቀመጡ" አለችኝ። የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ነው። እኔ ወደ ጫፍ ተጠጋሁ። "ስዞር ወደ ዞርኩበት ዘንበል ይበሉ።" እኔ ወደ ሌላው ዘነበልኩ። ብስክሌቱ ተንገዳገደ። በዚያው ቅጽበት ከመታጠፊያው ቤንዚን ሊቆጥብ ሞተሩን ያጠፋ አንድ ባጃጅ ወደ ቁልቁል ድንገት ብቅ አለብን።

"ዘይባ!" ብላ ጮኸች። "ወደ ቀኝ ዘንበል በዪ አልኩሽ!"

ዘነበልኩ። አብረን ዘነበልን። ባጃጁ ቀሚሴን ነክቶ አለፈ፤ እኛም ሳንወድቅ ዳገቱን ጨረስነው። ከላይ ስትቆም "ይቅርታ፣ አንቺ አልኩዎት" አለችኝ።

"ደግሞ ልትመልሺው ነው?" አልኳት። "እንደጀመርሽው ቀጥዪ።"

ሳቋን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ወርደን ቤት ስንደርስ ቆጮውን በር ላይ ልታኖር ጎንበስ ስትል ዕቃውን ከእጇ ወስጄ ወደ ውስጥ ገባሁ። ተከትላኝ ገባች። ምን እንደምንነጋገር ስላላወቅን ስለ ፍሬን ተነጋገርን።

ብስክሌቷን በበርበሬ ትርፌ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ጆንያውን ገበያ የምታወርደው፣ እኔን ሐኪም ቤት የምትወስደው ሳሌሃ ናት። የክረምቱን ጭቃ ፈርታ ሰርቪሷ ውስጥ ማደር ጀመረች፤ ክረምቱ ሲያልፍ እንድትሄድ የነገራት የለም። በቅርቡ ግን ሙሀይሚን በስልክ "ከእማ በኋላ ብስክሌቷን ወልቂጤ ወስጄ ዕቃ ማመላለሻ አደርጋታለሁ፤ ሳሌሃም ወደ ገጠሯ ትገባለች" ሲል ሰማሁት። ክፋት አይደለም፤ ንግድ ነው። ሳሌሃም ሰምታለች። በማግሥቱ ልብሷን በፌስታል አስራ አየኋት። ይህን ኑዛዜ ያስቸኮለኝ ሐኪሙ አይደለም፣ ያ ፌስታል ነው።

ሦስተኛ፦ ባለቤቴ ሐጂ ሙባሪክ በብስክሌቷ ሳጥን ውስጥ በግልጽ የመቀመጥ መብት አለው። በግልጽ ያልኩት፣ እስካሁን ጋቢ ተከናንቦ እንደ በርበሬ ጆንያ ተጎንብሶ ወደ ገበያ ሲወርድ ስላየሁት ነው። "ሚስጥር ነበር እኮ" ይላል አሁን። ሐጂ፣ ቡታጅራ ያውቃል። ስሳፈር የማደርገውን ሄልሜቴንም ነፈገችኝ አትበል፤ ላንተ ነው።

አራተኛ፦ ልጄ ሙሀይሚን፣ አንተን አልረሳሁም። ጎበዝ ነጋዴ ነህ። እናትህን ለማስደሰት ሁለት ተሽከርካሪ ከወልቂጤ ድረስ ጭነህ መጥተሃል፤ ይህን በልቤ ይዤዋለሁ። ነገር ግን ሳሌሃን ከቤቷ የምታወጣት ከሆነ ያን ቀን የቀረጸችውን ቪዲዮ ፈቲሀ በስልኳ ይዛዋለች። አጥሩ መሐል ያለውን። ከነዘፈኑ።

አምስተኛ፦ ልጄ ፈቲሀ፣ ሳሌሃ ስታረጅ ብስክሌቷን እንድትነጂ ከዛሬ ጀምሮ መንዳት ተማሪ። የአቶ ዑመይርን እንሰት ግን ራቂ።

ስድስተኛ፦ ስሞት ጀናዛዬን የምታጥበው ሳሌሃ ትሁን። ፈቲሀ አትክፊ፤ አንቺ ከጎኗ ቁሚና ውሃ አቀብያት። ጎረቤት ቢገረም ይገረም። እኔና እሷ አንድ ባል ተካፍለን አልተስማማንም፤ አንድ ዳገት ወጥተን ግን ተስማማን። ገላዬን የምሰጣት ሴት እሷ ናት።

የተናገርኩት ይህ ነው። ተነብቦልኛል፤ ቃሌ ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ በአውራ ጣቴ አጸናዋለሁ።

ምስክሮች፦ ዘመድኩን ሀብተጊዮርጊስ፣ መምህርና ጸሐፊ፤ ዑመይር አህመድ፣ ጎረቤት፤ ባሂራ ሸምሱ፣ የገበያ ባልንጀራ፤ ሆሳዕና ወልዴ፣ ጎረቤት። አራታችንም ኑዛዜው ሲነገርና ሲነበብ በአንድነት ተገኝተናል፤ ፈርመናልም።

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ በተናዛዧ አሻራ ላይ ስለሚታየው መንሸራተት እንዲህ እመሰክራለሁ። እትዬ ዘይባ ጣታቸውን በቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፉ፣ ምንም ያልተነገራት ወይዘሮ ሳሌሃ ሄልሜት በእጇ ይዛ ገባችና "ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል? የሐኪም ቀጠሮሽ እኮ አለፈ፤ ተነሺ እንጂ!" አለች። ተናዛዧ ሳቁ፤ ጣታቸውም ከቦታው ሸሸ። እንድገመው ብዬ ብጠይቅ "ተወው፣ ስስቅ አራት ሰው አይቶኛል" ብለው ተነሥተው ወጡ።